የሃርሊንግ ነቢያት

ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ እየመቱ መሯሯጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገና ሰሞን፣ እህሉ ተሰብስቦ ባዶውን በቀረ ማሳ ላይ፣ መንደር ከመንደር ተቧድኖ ጥንጓዋን ሲያሳድድ ያደገ ሰው ብዙ ነው። ጌታና ሎሌ ለአንድ ቀን ማዕረጋቸውን የሚረሱበት፣ የተመታ የማይቀየምበት ጨዋታ ነው። ይሁንና አንድ ልማድ አለው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አያልቅም። ዱላው ተጥሎ እሳት ዳር ከተቀመጡ በኋላ ሁለተኛው ጨዋታ ይጀመራል፤ የአፍ ጨዋታው። «እገሌ እግሩን ባይወለም ኖሮ…» «ካቻምናም እኮ እንዲሁ ብላችሁ ነበር…» «ለከርሞ ያድርሰንና እንተያያለን…»

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ጨዋታ ነው፤ የሚወስደን ግን ወደ ሩቅ አገር ነው። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኘው አየርላንድ የራሷ የዱላና የኳስ ጨዋታ አላት፤ ሃርሊንግ ይባላል። ከእኛ ገና ጋር የሥጋ ዘመድ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኖም ገናን የሚያውቅ ሰው ሃርሊንግን ሲያይ ያገሩን ልጅ በባዕድ ከተማ ያገኘ ያህል ይደነግጣል። እኔን ከጨዋታው ይልቅ የሚገርመኝ ደጋፊው ነው። በየዓመቱ ሻምፒዮናው በተቃረበ ቁጥር የአየርላንድ ሃርሊንግ ወዳድ ነቢይ ይሆናል። ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይወስዳል? የማን አቋም ያምራል? የማን ዘመን አለፈ? እያለ በመጠጥ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ይሟገታል። ይሟገታል፤ ይሳሳታል፤ በዓመቱ ደግሞ ተመልሶ ይሟገታል።

ይህ ክርክር ለሰሚው ስለ ነገ ይመስለዋል። ታሪኩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ሌላ ጥያቄ ከሥሩ አለ፤ ትናንት ነገን ያስራል ወይስ አያስርም?

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

በቅድሚያ ለማያውቁት ጨዋታውን በአጭሩ ላስተዋውቅ። በሁለቱም ወገን አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል። ዱላው አሽ ከሚባለው ዛፍ ይጠረባል፤ ኳሷ ቆዳ የለበሰች፣ ከ110 እስከ 120 ግራም የምትመዝን ትንሽ ነገር ናት። በአውራጃ ቡድኖች መካከል የሚደረገው ጨዋታ 70 ደቂቃ ይፈጃል። የጎሉ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረቡ ውስጥ ከገባች ጎል ትባላለች፤ ሦስት ነጥብ ታስቆጥራለች። ከአግዳሚው በላይ በቋሚዎቹ መካከል ካለፈች አንድ ነጥብ ናት። ስለዚህ ውጤቱ በሁለት ቁጥር ይጻፋል። 3-16 ሲባል ሦስት ጎልና አሥራ ስድስት ነጥብ፣ በድምሩ 25 ማለት ነው። አንባቢ ይህችን ስሌት እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው መሆናቸው ነው። እሑድ በሰማንያ ሺህ ሕዝብ ፊት የተጫወተው ሰው ሰኞ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ፣ ወደ ላሞቹ ወይም ወደ ቢሮው ይመለሳል። ተጫዋች አይሸጥም፤ አይለወጥም። ሰው በመሠረቱ የሚጫወተው ለበቀለበት አውራጃ ነው። ስለዚህ ደካማ ቡድን ያለው አውራጃ በገንዘብ ብርታት ኮከብ ገዝቶ ነገ ኃያል አይሆንም። ያለው የራሱ ልጅ ነው፤ ተስፋውም ስጋቱም እዚያው በሠፈሩ ይወለዳል። የደጋፊው ክርክርም ከዚህ የተነሣ ጠባዩ ልዩ ነው። የሚነቅፈው ተጫዋች የጎረቤቱ ልጅ፣ የሚያወድሰው የልጁ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

* * *

ስለ አውራጃ ካነሣን ዘንድ አንድ የታሪክ ምፀት መጥቀስ ግድ ይሆናል። ደጋፊው ደሙ የሚፈላበት የአውራጃ ወሰን በአባቶቹ የተሠመረ አይደለም። ከኖርማኖች ወረራ ጀምሮ በእንግሊዝ ነገሥታት ስም የሚገዙ ሹማምንት አገሪቱን ለግብርና ለዳኝነት እንዲመቻቸው እየሸነሸኑ የፈጠሩት ነው። ከሠላሳ ሁለቱ አውራጃዎች የመጨረሻው ዊክሎ የተቋቋመው በ1606 ነበር። ጨዋታው ራሱ ደግሞ ከዚያ በፊት ተከልክሎ ያውቃል። በ1366 በኪልኬኒ ከተማ የወጣው ሕግ በአየርላንድ የሰፈሩ እንግሊዞች ያገሩን ሰው ልማድ እንዳይወርሱ በማሰብ የዱላና የኳስ ጨዋታን አገደ። ታሪክ እንዴት እንደምትቀልድ ተመልከቱ፤ እስከ 2025 ድረስ የሃርሊንግን ሻምፒዮና ከሁሉም በላይ፣ 36 ጊዜ የወሰደው አውራጃ ሕጉ የወጣባት የዚያችው ከተማ አውራጃ ኪልኬኒ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ላይ ታላቁ ረሃብ በአየርላንድ ላይ ወረደ። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ፤ ሌላው ሚሊዮን ባሕር ተሻግሮ ተሰደደ። ሜዳ የሚሞላው ወጣት ሲሞትና ሲሰደድ ጨዋታውም በብዙ ስፍራ ሊጠፋ ተቃረበ። ይህን የተመለከተው የክሌር ተወላጁ መምህር ማይክል ኪዩሳክ፣ ከሞሪስ ዴቪንና ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በኖቬምበር 1 ቀን 1884 በቲፐራሪ አውራጃ በተርለስ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበርን መሠረተ። ማኅበሩ ክለቦቹን በአጥቢያ ላይ ተከለ፤ ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ግን አውራጃን መረጠ። በ1887 የተጀመረው የመጀመሪያው ሻምፒዮና ፍጻሜውን ያገኘው በአፕሪል 1 ቀን 1888 በበር ከተማ ነበር። ያን ጊዜ አውራጃን የሚወክለው የአውራጃው አሸናፊ ክለብ ስለነበር፣ የተርለስ ልጆች ቲፐራሪን ሆነው ጎልዌይን ረቱ። የሚቀጥለው ዓመት ሻምፒዮና ግን ሳይፈጸም ቀረ፤ ተጫዋቾቹ ለማኅበሩ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ነበርና።

እንዲህ እያለ፣ ባዕድ ለግብር ያሠመረው መስመር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የፍቅር ወሰን ሆነ። ሰው የቲፐራሪን ሰማያዊና ወርቃማ፣ የክሌርን ቢጫና ሰማያዊ፣ የሊመሪክን አረንጓዴ፣ የኮርክን ቀይ እየለበሰ ማንነቱን ይናገር ጀመር። ፍቅሩ ዋጋ ያስከፈለበትም ቀን ነበር። በኖቬምበር 21 ቀን 1920 በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ደብሊንና ቲፐራሪ በእግር ኳስ ሲጋጠሙ የእንግሊዝ መንግሥት ታጣቂዎች ሜዳውን ከበው ተኮሱ። የቲፐራሪው ተጫዋች ማይክል ሆጋን ጨምሮ አሥራ አራት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሜዳ ላይ የአውራጃን ማልያ መልበስ ተራ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ክርክሩንም የሚያሰፋ ነገር በ1926 መጣ። በዚያ ዓመት በኦገስት 29 ኪልኬኒና ጎልዌይ ያደረጉት ግጥሚያ በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ፤ በአውሮፓ በዚህ መንገድ ከተላለፉት የሜዳ ጨዋታዎች ቀዳሚው እንደሆነም ይነገርለታል። ከዚያ በፊት ስለ ጨዋታው መሟገት የሚችለው በባቡር ወይም በብስክሌት ሄዶ ያየ ሰው ብቻ ነበር። ሬዲዮው ላላየውም የመናገር መብት ሰጠው። ነቢያቱ በረከቱ።

* * *

ለመሆኑ ትንቢታቸው ስለ ምን ይከሽፋል? አንዱ ምክንያት የሻምፒዮናው ሥርዓት ነው። ለመቶ ዓመት ያህል ሕጉ ቀጭን ክር ነበር፤ አንድ ቀን የተሸነፈ አውራጃ በዚያው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከወራት ልምምድ በኋላ አንድ ክፉ እሑድ ዓመቱን ይዘጋዋል። በአንድ ቀን ጨዋታ ስለ አንድ ቡድን አቋም ምን ማወቅ ይቻላል? በ1997 ለመንስተርና ለሌንስተር ክፍለ ሀገር የፍጻሜ ተሸናፊዎች ሁለተኛ ዕድል ተሰጠ፤ ደጋፊው «የጓሮ በር» ብሎ ሰየመው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ አምስቱ የመንስተር አውራጃዎች፣ ማለትም ኮርክ፣ ክሌር፣ ሊመሪክ፣ ቲፐራሪና ዋተርፎርድ፣ እርስ በርስ ተጋጥመው ሦስቱ የሚያልፉበት ሥርዓት ተዘረጋ። ጨዋታው ሲበዛ ትንቢቱ ይቀልላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እንደምናየው ግን አልቀለለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከሜዳው ይልቅ በደጋፊው ልብ ውስጥ ያለ ነው። ደጋፊው የቡድኑን አቋም ሲመዝን በሚዛኑ አንድ ጎን የዘንድሮን ጨዋታ፣ በሌላው ጎን የአያቱን ትዝታ ያስቀምጣል። ትዝታው ደግሞ ሁልጊዜ ይከብዳል።

የክሌርን ነገር እንይ። ክሌር በ1914 ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ ሰማንያ አንድ ዓመት ሙሉ ዋንጫ አላየም። ሰው ለዚህ ሁሉ ሽንፈት ምክንያት ሲያጣ እርግማን ፈለገ። ቢዲ ኧርሊ የምትባል በመድኃኒት አዋቂነቷ ስሟ የገነነ የክሌር ሴት ነበረች፤ እርሷ ረግማን ነው ተባለ። ታሪክን ገልጦ የሚያነብ ሰው ግን ይስቃል። ቢዲ ኧርሊ የሞተችው በ1874 ነው፤ ማኅበሩ የተመሠረተው በ1884 ነው። ያልተፈጠረ ሻምፒዮናን ማን ይረግማል? ደግሞስ የ1914ቱ ድል የመጣው እርሷ ከሞተች ከአርባ ዓመት በኋላ አይደለምን? ይህን ሁሉ የክሌር ሰው ያውቅ ነበር። እያወቀም እርግማኑን አልተወውም። ለምን ቢሉ፣ እርግማን ያለበት ሰው ቢያንስ ምክንያት አለው፤ ያለ ምክንያት መሸነፍ ግን አይቻልም።

በ1995 የክሌር አቋም ለማንም ነቢይ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በ1993 እና በ1994 በመንስተር ፍጻሜ ተሸንፎ ነበር። በዚያው ዓመት በሊጉ ፍጻሜም በኪልኬኒ ተረታ። አሰልጣኙ ጌር ሎክናን ግን የመንስተርን ዋንጫ እንወስዳለን አለ፤ ወሰደም፤ ከ1932 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በሴፕቴምበር 3 ቀን ክሮክ ፓርክ ላይ በፍጻሜው ከኦፋሊ ጋር ሲጋጠሙ፣ ቡድኑ እየተመራ ወደ ዕረፍት ሲወጣ ሎክናን ለቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛ እናሸንፋለን ብሎ አረጋገጠ። በመጨረሻው ሰዓት ተቀይሮ የገባ ተጫዋች ያስቆጠራት ጎል ሚዛኑን አጋደለች፤ ክሌር 1-13፣ ኦፋሊ 2-8። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በ1914 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ የክሌር ሰው ይህን ለማየት ዘጠና አንድ ዓመት መኖር ነበረበት። ሰማንያ አንድ ዓመት ቆሞ የነበረው ግድግዳ በሁለት ነጥብ ፈረሰ።

* * *

ከክሌር ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን የሊመሪክ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ትዝታ ሰውን እንዴት እንደሚያስር ከእርሱ ይበልጥ የሚያሳይ የለም።

ሊመሪክ በ1940 ካሸነፈ በኋላ እስከ 1973 ጠበቀ። ከ1973 በኋላ ደግሞ ሌላ ረጅም ጥበቃ ጀመረ። በ1994 የጥበቃው ማብቂያ የደረሰ መሰለ። በፍጻሜው ከኦፋሊ ጋር ሲጫወት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በአምስት ነጥብ ይመራ ነበር። በደጋፊው ሠፈር ደስታው ተጀምሯል። በዚያን ጊዜ ኦፋሊ አንድ ጎል አገባ፤ ወዲያው ሁለተኛ ጎል ደገመ፤ ከዚያም ነጥብ በነጥብ ላይ አከታተለ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ኦፋሊ 2-5 ሲያስቆጥር ሊመሪክ ምንም አላስቆጠረም። ውጤቱ ኦፋሊ 3-16፣ ሊመሪክ 2-13 ሆነ። በሁለት ዓመቱ ሊመሪክ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ፤ ተጋጣሚው ዌክስፎርድ ከሜዳ በመባረር አንድ ሰው ጎድሎበት በአሥራ አራት ተጫዋች ቢቀርም፣ ሊመሪክ በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። በ2007ም በፍጻሜው ኪልኬኒ ረታው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሊመሪክን ደጋፊ ስለ ቡድኑ አቋም ብትጠይቀው ምን የሚልህ ይመስልሃል? ልጆቹ ፈጣኖች ናቸው፣ ወጣቶቹ በታዳጊዎች ውድድር አሸንፈዋል፣ ይልህና ጥቂት ዝም ይላል። ዝምታው 1994 ነው። ያን ቀን ያልተወለደው ልጅ እንኳ ያችን አምስት ደቂቃ ከአባቱ ወርሷታል። የ2018 ቡድን ተጫዋቾች አብዛኞቹ በ1994 ያልተወለዱ ወይም በእቅፍ የነበሩ ልጆች ነበሩ። እግራቸው ትዝታ የለውም፤ ትዝታው ያለው በመቀመጫው ረድፍ ላይ ነው።

በ2018 ሊመሪክ በመንስተር ሦስተኛ ሆኖ አለፈ፤ በድሮው ሕግ ቢሆን ኖሮ ዓመቱ ገና በጠዋቱ ባለቀበት ነበር። ሆኖም ኪልኬኒን ጣለ፤ ኮርክን በጭማሪ ሰዓት ረታ፤ በኦገስት 19 ያለፈውን ዓመት ሻምፒዮን ጎልዌይን በፍጻሜ ገጠመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሊመሪክ በስምንት ነጥብ ይመራ ነበር። ዳኛው የባከነውን ሰዓት ሲያሰላ ስምንት ደቂቃ ጨመረ። ጎልዌይ ጎል አገባ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛውን አገባ። ስምንት የነበረው ልዩነት አንድ ሆነ። በዚያች ሰዓት በክሮክ ፓርክ የነበሩት የሊመሪክ ሽማግሎች የሚመለከቱት የትኛውን ጨዋታ ነበር? የ2018ን ነው ወይስ የ1994ን? የመጨረሻዋ የጎልዌይ ቅጣት ምት ከሩቅ ተመታች፤ ወደ ጎሉ ወረደች፤ በግርግሩ መካከል አንድ የሊመሪክ ልጅ ይዟት ወጣ። ፊሽካው ተነፋ። ሊመሪክ 3-16፣ ጎልዌይ 2-18።

ሊመሪክን ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ነጻ ያወጣው ቁጥር 3-16 ነው። በ1994 ሊመሪክን የቀበረው ቁጥርም 3-16 ነበር። ይህን ያቀናበረ ደራሲ ቢሆን ኖሮ አበዛኸው ብለን በነቀፍነው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ለነቢያቱ ሌላ ትምህርት ሆነ። ሊመሪክ 2020ን፣ 2021ን፣ 2022ን እና 2023ን ደራርቦ ወሰደ። እርግማን አለበት ሲባል የኖረው አውራጃ አሁን «ማን ሊያቆመው ይችላል?» ይባልለት ጀመር። በሃርሊንግ ታሪክ አራት ዓመት በተከታታይ ያሸነፉት ሦስት አውራጃዎች ብቻ ናቸው፤ ኮርክ ከ1941 እስከ 1944፣ ኪልኬኒ ከ2006 እስከ 2009፣ ሊመሪክ ደግሞ ከ2020 እስከ 2023። አምስተኛውን የጨመረ ግን የለም። ኪልኬኒን በ2010 ፍጻሜ ቲፐራሪ አቆመው። ሊመሪክን በ2024 ግማሽ ፍጻሜ ኮርክ በሁለት ነጥብ አቆመው። ትናንት ሽንፈትን እንደማያስር ሁሉ ድልንም አስሮ አያቆይም።

* * *

ደጋፊው ግን ተመልካች ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ይህን ቃል በቁሙ ውሰዱት። በ1998 ኦፋሊ በሌንስተር ፍጻሜ በኪልኬኒ ተሸንፎ፣ አሰልጣኙም ከተጫዋቾቹ ጋር ተቃቅሮ ሥራውን ለቆ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ከክሌር ጋር አቻ ወጣ። በድጋሚው ጨዋታ ክሌር በሦስት ነጥብ ሲመራ ዳኛው ሰዓቱን ተሳስቶ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ጨረሰው። የኦፋሊ ደጋፊዎች ወደ ሜዳው ወረዱና ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ አንነሣም አሉ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጨዋታው ለሦስተኛ ጊዜ በተርለስ እንዲደረግ ተወሰነ፤ ኦፋሊ አሸነፈ፤ ቀጥሎም በፍጻሜው ያንኑ ኪልኬኒን ረትቶ በጓሮ በር ገብቶ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ቡድን ሆነ። ሁለት ደቂቃ ምን ታደርጋለች ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። ሊመሪክን በአምስት ደቂቃ ያሸነፈ አውራጃ የሁለት ደቂቃን ዋጋ ጠንቅቆ ያውቃል።

የቅርቡ ምሳሌ ደግሞ የ2025 ነው። በ2024 ቲፐራሪ በመንስተር ካደረጋቸው አራት ጨዋታዎች አንዱን ብቻ አቻ ወጥቶ ሦስቱን ተሸንፎ በመጨረሻው ደረጃ ቀርቶ ነበር። በ2025ም በአፕሪል መጀመሪያ በሊጉ ፍጻሜ ኮርክ በአሥር ነጥብ ረታው። በዚያው ወር ማብቂያ በሻምፒዮናው ሲገናኙ አንድ የቲፐራሪ ወጣት ጨዋታው ገና ሳይጀመር በቀይ ካርድ ወጣ፤ ኮርክ በአሥራ አምስት ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ከዚህ በኋላ የትኛው ነቢይ ነው ለቲፐራሪ የሚመሰክረው? ኮርክ ደግሞ ከ2005 ወዲህ ዋንጫ የተጠማ፣ በ2024 ፍጻሜ በክሌር በጭማሪ ሰዓት በአንድ ነጥብ የተነጠቀ፣ በ2025 ሊጉንም የመንስተርን ዋንጫም የወሰደ ቡድን ነበር። ሁሉም ጣት ወደ ኮርክ ጠቆመ።

በጁላይ 20 ሁለቱ በፍጻሜ ተገናኙ። በዕረፍት ሰዓት ኮርክ 1-16፣ ቲፐራሪ 0-13። የቀዩ ማልያ ባለቤቶች ሃያ ዓመት የጠበቁት ሰዓት ሠላሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረው። ከዕረፍት መልስ የሆነውን ማንም አልተነበየውም። ኮርክ በሁለተኛው አጋማሽ በሙሉ ያስቆጠረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ቲፐራሪ 3-27፣ ኮርክ 1-18 ሆኖ አለቀ፤ ልዩነቱ አሥራ አምስት ነጥብ፣ ልክ በአፕሪል በተሸነፈበት መጠን። ያ በቀይ ካርድ የወጣው ወጣት ብቻውን 1-13 አስቆጠረ። ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ክሌር ደግሞ በዚያ ዓመት ከመንስተር እንኳ አልወጣም ነበር።

* * *

እንግዲህ ነቢያቱ ይህን ያህል ከተሳሳቱ ክርክሩ ምን ይረባል? የሚል አይጠፋም። መዝገቡን ብቻ ላየ ሰው ክርክሩ ከንቱ ነው። እስከ 2025 ከተፈጸሙት 138 ሻምፒዮናዎች ኪልኬኒ 36፣ ኮርክ 30፣ ቲፐራሪ 29 ወስደዋል፤ ሦስቱ ብቻ ዘጠና አምስት። ሌላው ሁሉ የተረፈውን ተከፋፍሏል። በየዓመቱ ከሦስቱ አንዱን የጠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባልተሳሳተ ነበር። እንዲህ ያለ ነቢይ ግን ማንም ጎን አያስቀምጠውም፤ የሚናገረው እውነት ለሌሎቹ ቦታ የለውምና።

ቦታውን የሚጠብቀው ክርክሩ ነው። ዋተርፎርድን ተመልከቱ። በ1948 እና በ1959 አሸነፈ፤ እስከ 2025 ድረስ ሦስተኛውን አላየም። በ2008 ለፍጻሜ ደርሶ በኪልኬኒ 3-30 ለ1-13 ተደቆሰ፤ በ2017 በጎልዌይ፣ በ2020 በሊመሪክ ተሸነፈ። በ2022 ሊጉን በአፕሪል ሲወስድ ሊመሪክን የሚያቆመው እርሱ ነው ተብሎ ነበር፤ በሜይ ከመንስተር ሳይወጣ ቀረ። በ1959 የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ የዋተርፎርድ ሰው በ2025 ሰባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይህ ሰው በየዓመቱ ስለ ቡድኑ ተከላካይ፣ ስለ አዲሱ አጥቂ፣ ስለ ሜዳው እርጥበት ሲሟገት እያታለለ ያለው ራሱን ነውን? አይመስለኝም። መዝገቡ የፈረደውን ፍርድ ይግባኝ እያለ ነው። ይግባኙ በክሌር በሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ በሊመሪክ በአርባ አምስት ዓመቱ ሰሚ አግኝቷል፤ ያውም በሁለት ነጥብና በአንድ ነጥብ። ጉዳዩ ያልተዘጋ መሆኑን ያውቃል።

በመዝገቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ መስመር አለች፤ ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። የ1901 ሻምፒዮን ለንደን ነው። በሥራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ስደተኞች በሰው አገር ተሰባስበው ቡድን አቋቋሙ፤ በፍጻሜውም ኮርክን አሸነፉ። ዛሬ አሸናፊው አውራጃ የሚያነሣው የሊያም ማካርቲ ዋንጫም የተሰየመው በለንደን በተወለደ የአየርላንዳውያን ልጅ ስም ነው። አገራቸውን ለቀው የሄዱት ሰዎች የሚሟገቱበት አውራጃ ከእግራቸው በታች አልነበረም፤ በአፋቸው ውስጥ ነበር። ከአገር የወጣ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ስለዚህ ገና ሲመጣ፣ ጥንጓዋ ጠፍታ፣ ዱላው ተሰብሮ፣ እሳት ዳር የተቀመጡት ሽማግሎች «ለከርሞ እንተያያለን» ሲባባሉ ብትሰሙ በከንቱ የሚያወሩ አይምሰላችሁ። ያለፈው ጨዋታ ውጤት ተቆጥሯል፤ አይለወጥም። የሚመጣው ግን ገና አልተጀመረም። በዋተርፎርድም፣ በኮርክም፣ በየመንደራችንም ሰው በአንድ ነጥብ ተሸንፎ ሲነሣ የሚይዘው ይህንኑ ነው።

ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።